የጎጃምን ታሪክ ለወጣት አንባቢያን በልብ ወለድ እንዴት እንጻፍ?

ለወጣቶች ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ዘመኑን ማጥበብ አለበት፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን የጠላት ወረራ በሙሉ ከመሸከም ይልቅ አንድ ክረምት መምረጥ ይበቃል። ባለታሪኩ የአንባቢው እኩያ ይሁን። ለዚህ ከዋሸራ ወይም ከዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ የተሻለ አላገኘሁም፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የሚዞር ልጅ ማንም ሳይጠረጥረው ለአርበኞች መልእክት ሊያደርስ ይችላል። (የመንደሩ ውሾች ቢያባርሩትም ለታሪኩ ይጠቅማል።) በላይ ዘለቀን የመሰሉ እውነተኛ ሰዎች ግን ከሩቅ ቢታዩ ይሻላል፤ ያልተናገሩትን ረጅም ንግግር በአፋቸው ማስገባት ተገቢ አይደለምና።

ቀጥሎ የሚመጣው ዝርዝሩን ማጣራት ነው። በ1873 ዓ.ም. ስለነገሡት ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የመጀመሪያ ዓመታት የሚተርክ ጸሐፊ የዛሬውን ደብረ ማርቆስ መንቆረር ብሎ መጥራት፣ ከግቢው ዙሪያም ባሕር ዛፉን አንሥቶ በምትኩ ወይራና ዋንዛ ማቆም ይኖርበታል፤ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው ከዚያ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በገበያውም የሚቆጠረው የማርያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ይሁን። የጥንቱ አነጋገር በጥቂቱ ይግባ እንጂ አንባቢው በየገጹ መዝገበ ቃላት እንዲገልጥ አያስገድደው።