በጎንደር ሐረግ ሲቆጠር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደርና በዙሪያዋ ዘር መቁጠር አዲስ ነገር አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ደግሞ ትውልዱን ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚው አባት ጋር ማገናኘት ያልቻለ ሰው ርስት ለመካፈል ይቸገር ነበር። ዛሬ ይህን በቃል የቆየ ሐረግ ከብራና ኅዳግ፣ ከፍርድ ቤት መዝገብና ከደብር ወረቀት ጋር ለማስተያየት የሚነሡ ወጣቶች በዝተዋል፤ ደስ የሚያሰኝ ነው። ግን ተሳስቶ የተጻፈ ሐረግ በቃል ከተሳተው ይብሳል፤ ወረቀት ላይ ስላለ ማንም አይጠራጠረውም።

ስም አገኘሁ ብሎ ሰው ያገኙ መምሰል

ስንቱን መልካም ሥራ ያበላሸው ይህ ነው። አንድ ጀማሪ በአንድ ደብር ወንጌል የመጨረሻ ቅጠል ላይ «ወለተ ጊዮርጊስ» የሚል ስም ያያል። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ የሆነ ምንዥላት (ከቅድመ አያት በላይ ያለች) እንዳለችው ከአያቱ ሰምቷል። የእቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስምም ይኸው እንደሆነ ያውቃል። ሦስቱን በመስመር ያገናኛቸዋል፤ ቤተሰቡም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእቴጌይቱ ተወላጅ ነኝ ይላል።

እባክዎ ይህን አያድርጉ። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ፣ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሡ ስም የሚያወጡት ካህኑ ናቸው። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ገብረ ሚካኤል፣ ኃይለ ጊዮርጊስ በየአጥቢያው ሞልተዋል። እንዲህ ያለ ስም ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ሦስት ነገር አብሮት ሊኖር ይገባል፦ አጥቢያው፣ መሬቱና ዘመኑ። በሽያጭ ወይም በስጦታ ጽሑፍ ላይ የመሬቱ ስም ተጠቅሶ ያ መሬት በቤተሰብዎ የሚታወቅ ከሆነ፣ ዘመኑም ከትውልዱ ቁጥር ጋር ከተስማማ፣ ያኔ ወደ እውነቱ ተጠግተዋል። የአባት ወይም የወንድም ስም ከተጨመረበት ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከተቃረነ ስሙን በጥያቄ ምልክት ይያዙት እንጂ ሐረጉ ውስጥ አያስገቡት።

ነገሩን የሚያከብደው አንድ ሰው በብዙ ስም መጠራቱ ነው። የዓለም ስም አለ፣ የክርስትና ስም አለ፣ ለጦር ሰው ደግሞ የፈረስ ስም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ካሣ ነበሩ፣ አባ ታጠቅም ነበሩ። የደብር ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የክርስትና ስም ይይዛል፤ ሽማግሌዎች ግን የሚያስታውሱት የዓለሙን ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ተዝካራቸው ሲወጣ በማን ስም ተጸለየላቸው?» ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ፣ ቤተሰቡ የረሳውን ስም የንስሐ አባት ልጆች ወይም ድግሱን ያዩ ሴቶች ሊያስታውሱት ይችላሉ።

ማዕረግን ስም ማድረግ

አዛዥ፣ ብላቴን ጌታ፣ ግራዝማች፣ መሪጌታ ስሞች አይደሉም። የካህናቱ ማዕረግ ደብሩንም ይነግርዎታል፦ መልአከ ብርሃናት ሲል የደብረ ብርሃን ሥላሴ አለቃ ነው፤ መልአከ ፀሐይ ሲል የደብረ ፀሐይ ቁስቋም። ማዕረጉን ቆርጠው ከጣሉ የሰውየውን አድራሻ ጣሉት ማለት ነው።

ዘመኑን በግምት መጻፍ

የድሮ ጽሑፍ «በዘመነ ኢያሱ ንጉሥ፣ በዘመነ ሉቃስ» ብሎ ያልፋል። ጀማሪው «1690 ገደማ» ብሎ ይጽፍና ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። በግምት ማለፍ አያስፈልግም፤ ሊሰላ የሚችል ነው።

መጀመሪያ የትኛው ኢያሱ? አድያም ሰገድ ኢያሱ የነገሡት ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. ነው፤ ብርሃን ሰገድ ኢያሱ ከ1723 እስከ 1747። ጽሑፉ ከንጉሡ ጋር እናታቸውን ወለተ ጊዮርጊስን ከጠራ ሁለተኛው ናቸው። ቀጥሎ ወንጌላዊው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ሲያካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ በአድያም ሰገድ ዘመን ዘመነ ሉቃስ የሆኑት 1675፣ 1679፣ 1683፣ 1687፣ 1691 እና 1695 ናቸው። ስድስት ዓመት ቀረ ማለት ነው።

ጽሑፉ አበቅቴውን (በዓላትን ለማስላት የሚያገለግለውን የዓመቱን ቁጥር) ከጠቀሰ ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ይቀራል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምሩ፣ ለ19 ያካፍሉ፣ ከተረፈው ላይ 1 ይቀንሱ፤ ይህ ወንበሩ ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተው ለ30 ሲያካፍሉ የሚተርፈው አበቅቴ ነው። በ1687 እንሞክረው፦ 7187 ለ19 ሲካፈል 5 ይተርፋል፣ ወንበሩ 4፣ 4 በ11 ሲባዛ 44፣ ከ30 ሲያልፍ 14። እንግዲህ ጽሑፉ «ሉቃስ፣ አበቅቴ 14» ካለ ከስድስቱ ውስጥ 1687 ብቻ ነው። ወንጌላዊና አበቅቴ አንድ ላይ ተጣምረው የሚመለሱት በ76 ዓመት አንዴ ስለሆነ ንጉሡን ካወቁ አይሳሳቱም።

አንዳንዱ ጽሑፍ ደግሞ በዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ይቆጥራል። ፸፩፻፹፯ የሚል ቁጥር ቢያዩ 7187 ነው፤ 5500 ሲቀንሱ 1687 ዓመተ ምሕረት ይሆናል። በአሮጌ እጅ ጽሕፈት ፮ እና ፯ በጣም ስለሚመሳሰሉ ከሌላ ቅጠል ላይ ያንኑ ጸሐፊ የጻፈውን ቁጥር አስተያይተው ይወስኑ።

ከፈረንጅ መዝገብ ጋር ሲያመሳስሉ ሁልጊዜ 8 መደመር ሌላው ስህተት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ደርቡሾች ጎንደርን ያቃጠሉት በጥር 1880 ሲሆን በፈረንጅ አቆጣጠር 1888 ነው፤ ጣሊያን ጎንደርን የለቀቀው በኅዳር 1934 ሲሆን 1941 ነው።

የተፋቀን ስም አለማየት

ብራና ይሸጣል፣ ይሰጣል፣ ይዘረፋል። አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም በምላጭ ፍቆ የራሱን ያስጽፋል። «ለገብርከ» (ለወንድ አገልጋይህ) ወይም «ለአመትከ» (ለሴት አገልጋይህ) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ስም ሲያነቡ ቆም ይበሉ። የተፋቀ ቦታ ሻካራ ነው፣ ቀለሙ እንደ ጥጥ ጨርቅ ላይ ይፈሳል፣ ፊደሎቹ ተጨናንቀው ወይም ያለልክ ተራርቀው ይቀመጣሉ፣ እጁም ከገጹ የተለየ ነው። መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከቅጠሉ ጋር ትይዩ ሊሆን እስኪደርስ ዝቅ አድርገው ሲያበሩ ከሥር ያለው ስም አንዳንዴ ይታያል። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» (የሰረቀውና የፋቀው) የሚለው ውግዘት በየመጽሐፉ የሚጻፈው ይህ ነገር የተለመደ ስለነበር ነው። ስለዚህ አሁን የሚነበበው ስም የመጨረሻው ባለቤት እንጂ ያስጻፈው ሰው ላይሆን ይችላል። በእርጥብ ጣት መንካት፣ ውሃ ወይም ኬሚካል ማስነካት ፈጽሞ አይሞከር።

የክርክር መዝገብን እንደ ገለልተኛ ምስክር መውሰድ

ከ1967 በፊት የነበሩ የርስት ክርክር መዝገቦች ለሐረግ ፈላጊ ትልቅ ሀብት ናቸው። ከሳሹ አባቱን እስከ አቅኚው ድረስ ስም በስም ይዘረዝራል። ጀማሪ ይህን ሲያገኝ ገልብጦ ይወስደዋል። ግን ሰውየው የሚቆጥረው ድርሻ ለመውሰድ ነው። ለክሱ የማይጠቅመውን ወንድም ይዘላል፣ የተከራካሪውን ቅድመ አያት «ዘር አይደለም» ይላል፣ አንዳንዴም ሁለት ትውልድ ያሳጥራል። ተከሳሹም በተራው እንዲሁ ያደርጋል።

ስለዚህ የከሳሹን ብቻ ሳይሆን የተከሳሹን መልስ፣ የእማኞችን ቃልና ፍርዱን አንድ ላይ ያንብቡ። ሁለቱም ወገን ሳይከራከሩ የተቀበሉት ስም አስተማማኝ ነው፤ አንዱ ብቻ ያነሣው ስም ገና ማስረጃ ይፈልጋል። እማኞቹንም አይዝለሉ። የትውልድ እማኝ ሆነው የሚቀርቡት ብዙውን ጊዜ የአጥቢያ ሽማግሌዎችና የሥጋ ዘመዶች ናቸው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ሰው ከባለጉዳዮቹ ሳይሆን ከእማኞቹ መካከል ሊገኝ ይችላል። በብራና ላይ ያለው የመሬት ሽያጭም እንዲሁ ነው፤ ጀማሪ ገዢውን፣ ሻጩንና በወቄት ወርቅ የተከፈለውን ዋጋ አንብቦ ይዘጋዋል፤ ከሥር የተደረደሩትን ዳኞች፣ ዋሶችና እማኞች ግን አያያቸውም።

ወደ ንጉሥ መቸኮል

የሚወዱት አያት «ከዐፄ ፋሲል ስምንተኛ ነን» ብለው ይሆናል። በፍቅር ያዳምጡ፤ ከዚያ ያስሉ። ዐፄ ፋሲል ያረፉት በ1660 ዓ.ም. ነው፤ ወደ 360 ዓመት ለስምንት ትውልድ ሲከፈል አንዱ ትውልድ 45 ዓመት ይሆናል። በአማካይ አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ አራት ሰው ተዘሏል፣ ወይም መስመሩ ከመነሻው ሌላ ነው። ዘልለው የሚያልፏቸው እነዚያ ስም የሌላቸው ገበሬ፣ ሸማኔና ደብተራ ቅድመ አያቶች ናቸው እርስዎን ያደረሱት፤ ለእነሱ ሲሉ ከራስዎ ጀምረው አንድ በአንድ ወደ ላይ ይውጡ።

በ1880 እና 1884 መካከል የነበረውን ክፉ ቀን በተለይ ያስተውሉ። በዚያ ረኃብ ወላጅ ያለቀባቸው ልጆች በሌላ ቤት አድገው ባሳደጋቸው ሰው ስም ተጠርተዋል። ሐረጉ በዚያ ዘመን ላይ ድንገት አጥቢያ ከቀየረ «ማን አሳደጋቸው?» ብለው ይጠይቁ።

የእናትን ወገን መተው

ርስት በወንድም በሴትም ይወረስ ነበር። አባት በአባት ብቻ የሚቆጥር ሰው ከመዝገቡ ግማሹን አያነበውም።

መጽሐፉን በደብሩ ብቻ መፈለግ

አያቶችዎ ያገለገሉበት ደብር ወንጌሉ የለውም ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ በ1860 ከመቅደላ ውድቀት በኋላ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ለንደን ደረሱ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፣ ብዙዎቹም በዲጂታል ተነሥተዋል። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸውና የዳካር–ጅቡቲ የተባለው የፈረንሳይ የጥናት ጉዞ በ1924 እና 25 ከጎንደር የወሰዳቸው ፓሪስ ናቸው። ከደርቡሽ ቃጠሎ የተረፉትም ከደብር ወደ ደብር ተዘዋውረዋል። ሲፈልጉ በደብሩ ስም ብቻ ሳይሆን በአለቆቹና በመሬቱ ስም ይፈልጉ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እየቀያየሩ ይሞክሩ። አዲስ አበባ ካሉ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) እና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጠየቅ አይዘንጋ።

ወደ ደብር ሲሄዱ ከሀገረ ስብከት የተጻፈ ደብዳቤ ይያዙ፤ አለቃውንና ዕቃ ቤት ጠባቂውን አስቀድመው ያነጋግሩ። ጾምና የንግሥ በዓል ሰሞን መሄድ ለእነሱም ለእርስዎም ድካም ነው።

የልደት የምስክር ወረቀት ፍለጋ አይድከሙ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው የትውልድ ዓመትም ብዙ ጊዜ ግምት ነው።

ሽማግሌን ወደሚፈልጉት መልስ መምራት

«አባባ፣ ከደምቢያ ነው የመጣነው አይደል?» ብለው ከጠየቁ አዎ ይባላሉ። «አባትዎ የት ተወለዱ? ማን ቀበራቸው? በየትኛው ደብር?» ይበሉ። ዓመት አይጠይቁ፤ «ጣሊያን ሲገባ ምን ያህል ነበሩ?» ይበሉ። እህትማማቾችን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ታናሿ ታላቋን አትቃወምም።

የሌላውን ሥራ ሳይመረምሩ መቅዳት

ያንኑ አጥቢያ የሚመረምር ሰው ሐረግ ሲሰጥዎ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ምንጩን ይጠይቁ፦ ማን ነገረው፣ የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ቅጠል፣ ፊቱ ወይስ ጀርባው? ምንጭ የሌለውን ስም በሌላ ቀለም ይጻፉ። ሦስት ሰዎች አንድ ስም ቢነግሩዎት ሦስቱም ከአንድ ደብተር ገልብጠው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ያለዎት አንድ ምንጭ ብቻ ነው።

ዘመዶቻቸው ወደ እስራኤል የሄዱ የወለቃና የአካባቢው ቤተ እስራኤላውያንን የሚፈልጉ ደግሞ በዕብራይስጥ አዲስ ስም የወጣላቸው ብዙዎች እንደሆኑ፣ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበውም የአባት ወይም የአያት ስም እንደሆነ ይወቁ። በቀድሞ ስማቸው ብቻ ከፈለጉ አያገኟቸውም፤ በአያት ስምና በመንደር ይጠይቁ።

እርስዎም ሲሰጡ በቅንነት ይስጡ። ሙሉ ቅጠሉን፣ ቀጥሎ ጽሑፉን በቅርበት፣ ከዚያ በፊቱና በኋላው ያሉትን ገጾች ያለ ፍላሽ ያንሡ፤ በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፣ አለበለዚያ ተጨምቆ ኅዳጉ አይነበብም። በሕይወት ያለ ሰው የሚያፍርበትን ወይም ቤተሰብ የሸሸገውን ነገር ካገኙ ግን ከባለቤቶቹ ፈቃድ ውጭ ለማንም አያስተላልፉ፤ የፎቶውን አንድ ቅጂ ደግሞ ለደብሩ አለቃ መልሰው ይስጡ፤ የሚቀጥለው ፈላጊ ሲመጣ ብራናው እንደገና አይገለጥም።