ታፔላው ላይ የተረፈችው ኤስ

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ሆነ መጋላ የልጆች ልብስ መሸጫ የሚከፍት ሰው ከአማርኛው ጎን እንግሊዝኛ ማስጻፍ ይወዳል። የሚሳሳተውም ብዙ ጊዜ «ችልድረን» ላይ ነው።

ችግር፦ «ችልድረንስ» ተብሎ በኤስ ተጽፏል።

መንስኤ፦ «ቻይልድ» አንድ ልጅ ነው፤ «ችልድረን» ደግሞ ራሱ ብዙ ነው። እኛም «ሕፃናት» እያለ «ሕፃናቶች»፣ «መምህራን» እያለ «መምህራኖች» እንል የለ? በሽታው ያው ነው። እንግሊዞቹም አልተረፉም፤ ጥንት ብዙውን «ችልደር» ይሉ ነበር፣ በኋላ ሌላ የብዙ ምልክት «ኤን» ደረቡበት። የእኛ ኤስ እንግዲህ ሦስተኛ ናት።

መፍትሔ፦ ሠዓሊውን ከመጥራታችሁ በፊት ከቃሉ ቀጥሎ ያለውን እዩ። የዕቃ ስም ካለ፣ «ችልድረንስ ሹስ» እንደሚለው፣ ኤሷን አትንኳት። የባለቤትነት ኤስ ናት፤ የጎደላት ከላይ የምትንጠለጠለው ጭረት፣ አፖስትሮፍ፣ ብቻ ናት። በኤንና በኤስ መካከል ጣል ማድረግ ነው፤ ባነር አይቀየርም። ከኤሷ ወዲያ የምትቀመጠው እንደ «ቦይስ» በኤስ ለሚበዙ ቃላት ነው። ቀጥሎ ስም ከሌለ፣ «ዊ ቲች ችልድረንስ» እንደሚል የመዋዕለ ሕፃናት ማስታወቂያ፣ ኤሷ ትፋቅ።

ችግር፦ ደብዳቤ ላይ «ሜኒ ቻይልድ ኢዝ» ይላል።

መንስኤ፦ «ብዙ ልጅ መጣ»፣ «አምስት ልጅ አላት» ብንል አማርኛ አይከፋውም። እንግሊዝኛ ግን አይምርም።

መፍትሔ፦ ከአንድ በላይ ከሆነ «ችልድረን»፤ ግሡም «አር» ወይም «ሃቭ»። «ኤቭሪ» (እያንዳንዱ) ሲመጣ ግን ልጆቹን አንድ በአንድ ስለሚቆጥር «ቻይልድ» እና «ኢዝ» ነው። እዚህ ላይ የኮምፒውተሩን የፊደል ማረሚያ አትመኑ፤ «ችልድረንስ»ን ያለ አፖስትሮፍ ካየ ቀይ ያሰምርበታል፣ «ሜኒ ቻይልድ» ላይ ግን ሁለቱም ቃላት በትክክል ስለተጻፉ ዝም ይላል።

«አቦ፣ ገዢው ከገባው ምን ቸገረኝ!» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ለልጇ ጫማ የምትለካ እናት ኤስ አትቆጥርም። ለእርዳታ ድርጅት በሚገባ ማመልከቻ ላይ ግን ያስታውቃል።

ለሱቅ «ኪድስ» ማለትም ይቻላል፣ አጭር ነው፣ ኤሱም የራሱ ነው። «ኪድስ ሹስ» ስትሉ ግን አፖስትሮፏ ከኤሱ በኋላ ትሁን።