የግድግዳ እርጥበት ከየት እንደመጣ መለየትና ማድረቅ

እርጥበት በያዘ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው። ቀለሙ ለጥቂት ጊዜ እድፉን ይሸፍናል፤ ቆይቶ ያብጥና ይላጣል። ቡሩሽ ከማንሳትዎ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ምንጩ ብዙውን ጊዜ የክፍሉ አየር፣ ከውጭ የሚሰርግ ዝናብ፣ ከመሬት የሚሳብ ውሃ ወይም የሚያፈስ ቧንቧ ነው።

እድፉ ያለበትን ቦታ ይመልከቱ

ከወለሉ ተነስቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚዘልቅና ጫፉ ላይ ነጭ ጨው የሚያወጣ እድፍ ከመሬት የተሳበ ነው። ዝናብ ሲዘንብ የሚሰፋ፣ ሲያባራ የሚደበዝዝ ከሆነ ጣሪያውን፣ አሸንዳውንና የውጭውን ልስን ስንጥቅ ይፈትሹ። በክፍሉ ማዕዘን፣ በመስኮት ዙሪያ ወይም በቁም ሳጥን ጀርባ የሚታይ ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ነው፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ክረምት ከበጋ ሳይለወጥ የሚቆይ እድፍ ግን ቧንቧ ያስጠረጥራል። ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ያንብቡ፤ ውሃ ሳይጠቀሙ ሁለት ሰዓት ቆይተው ድጋሚ ያንብቡ። ቁጥሩ ከጨመረ የሚያፈስ መስመር አለ። ቁጥሩ አለመጨመሩ ግን ፍሳሽ ማስወገጃውን ነፃ አያወጣውም፤ እሱ በቆጣሪ አይታይም።

በፎይል ይፈትሹ

ጥርጣሬ ካለ ግድግዳውን በጨርቅ ያድርቁና 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ፎይል ይለጥፉበት። አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር ይዝጉ፤ በክፍተት አየር ከገባ ውጤቱ ይዛባል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይጠብቁ። ፎይሉ በክፍሉ በኩል ከረጠበ ውሃው የመጣው ከአየሩ ነው፤ በግድግዳው በኩል ከረጠበ ከውስጥ እየወጣ ነው። ሁለቱም ወገን ከረጠበ ችግሩም ሁለት ነው።

ምንጩን ይዝጉ

የአየር እርጥበት ሲሆን ጉዳዩ የሙቀት ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር እስከ 12 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ሲያበስሉ ድስቱን ይክደኑ፤ ከሻወር በኋላ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግተው መስኮቱን ይክፈቱ፤ የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ አያስጡ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያርቁት። በመለኪያ ሲታይ የክፍሉ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች መሆን አለበት። ብዙ ሰው ዝናብ ሲዘንብ መስኮት መክፈት ይፈራል። ውጭው ከቤቱ የቀዘቀዘ ከሆነ ግን የገባው አየር ሲሞቅ ይደርቃልና መክፈቱ ይጠቅማል። ሙቀትና ወበቅ ባለበት ቀን ቀዝቃዛ ምድር ቤትን መክፈት ነው የሚጎዳው።

ከመሬት ለሚሳበው በግድግዳው ጥግ የተከመረውን አፈር ያንሱ፤ የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል። ከግድግዳው አንስቶ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥም 15 ሴንቲሜትር ያህል ተዳፋት ይኑረው። እርጥቡን በሲሚንቶ ልስን መሸፈን ትልቅ ስህተት ነው፤ መውጫ ያጣው ውሃ ከልስኑ በላይ ይወጣል። አሸንዳና ስንጥቅ ጥገናቸው ቀላል ነው፤ አሸንዳውን ይጥረጉ፣ ስንጥቁን ይድፈኑ።

ያጽዱና ይጠብቁ

ነጩን ጨው በደረቅ ቡሩሽ ያራግፉ። በውሃ ካጠቡት ሟሙቶ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ሻጋታውን ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው በሳሙናና በውሃ ይፈትጉ፤ ቦታውንም ወዲያው ያድርቁ። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ሻጋታው ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ከያዘ ለባለሙያ ይተዉት።

ማድረቁ ትዕግሥት ይፈልጋል። በግንበኞች ዘንድ የተለመደው ግምት ለ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ወር ነው፤ 20 ሴንቲሜትር ግድግዳ ስምንት ወር ሊወስድ ይችላል። የረጠበውንና የተንኮታኮተውን ልስን ማንሳት ነገሩን ያፋጥነዋል። ሲደርቅ የዘይት ቀለም አይቀቡ። የኖራ ቀለም ወይም ሌላ እንፋሎት የሚያሳልፍ ቀለም ይምረጡ፤ ውስጥ የቀረው ጥቂት እርጥበት በእሱ አልፎ ይወጣል።