ስፓኒሹን ከማቋረጡ በፊት

አሜሪካ ሃይስኩል ልጅ ላላችሁ፦ የቀጣዩ ዓመት የኮርስ ምርጫ ቅጽ ሲመጣ የውጭ ቋንቋውን መስመር ሳታዩ አትፈርሙ። ብዙ ልጆች «ለመመረቅ ይበቃኛል» ብለው ቋንቋውን በጊዜ ይተዉታል። ለዲፕሎማ የበቃው ግን ሁልጊዜ ለኮሌጅ አይበቃም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች (ዩሲ) በአንድ ቋንቋ ቢያንስ 2 ዓመት ይጠይቃሉ፣ 3 ቢሆን ይመርጣሉ። ሃርቫርድ ደግሞ አንዱን ቋንቋ 4 ዓመት መማርን ይመክራል። ስለዚህ ዘንድሮ ስፓኒሽ፣ ከርሞ ቻይንኛ እያሉ መዝለል አያዋጣም። 7ኛና 8ኛ ክፍል በጥሩ ውጤት የተወሰደውን ግን ዩሲ ይቆጥራል፤ ይህን የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው።

አማርኛችንስ? በብዙ ግዛቶች ሁለት ቋንቋ ለሚችል ተመራቂ «ሲል ኦፍ ባይሊተረሲ» የሚባል እውቅና ይሰጣል። ለዚህ ችሎታን ከሚለኩት ፈተናዎች አንዱ፣ ስታምፕ የሚባለው፣ በአማርኛም አለ። መጻፍ ስላለበት ግን ቤት ውስጥ «እሺ እማዬ» ማለት ብቻ አያሳልፍም፤ ፊደሉን ከወዲሁ አስጠኗቸው። ትምህርት ቤታችሁ የትኛውን ፈተና እንደሚቀበልና ምዝገባው መቼ እንደሆነ ካውንስለሩን 11ኛ ክፍል ላይ ጠይቁ፤ 12ኛ ክፍል በማመልከቻ ስለሚጣበብ ጊዜ አይገኝም።