አቴንስ ስትመጡ መጀመሪያ አክሮፖሊስ አትውጡ

ዘመድም የዘመድ ዘመድም አቴንስ ሲመጣ አስጎብኚው እኔ ነኝ። ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ግን በዕረፍት ቀኔ ሙዚየም መግባት እወዳለሁ። እንግዳ ሁሉ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ «አክሮፖሊስ በየት በኩል ነው?» ይለኛል። ቀስ በሉ! አክሮፖሊስ የጥንት ቤተ መቅደሶች ያሉበት ኮረብታ ነው፤ ቀጥታ እዚያ የወጣ ሰው የሚያየው የቆመ ድንጋይ ነው። ሰልፊ ይነሳል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ይወርዳል። ድንጋዩን ያቆሙት ሰዎች እንዴት ይከራከሩ፣ እንዴት ይፈርዱ፣ እንዴት ይጠላለፉ እንደነበር የሚገባችሁ ከታች ስትጀምሩ ነው።

የአክሮፖሊስ ቲኬት የመግቢያ ሰዓት አለው። ቀድማችሁ ኦንላይን ግዙና አመሻሹን ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ እኛ አገር ክረምት ነው፤ እዚህ ግን አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። ሙቀቱ ሲብስ ቀትር ላይ ኮረብታውን የሚዘጉበት ቀንም አለ። ባለ ታኮ ጫማ ክልክል ነው። ባይከለከልም እብነ በረዱ በብዙ ሰው እግር ተወልውሎ መስታወት ሆኗል፤ ሶሉ የማያንሸራትት ስኒከር አድርጉ።

ጠዋት ሜትሮ ይዛችሁ ሞናስቲራኪ ውረዱና አድሪያኑ በሚባለው መንገድ ወደ ጥንታዊው አጎራ ግቡ። አጎራ ገበያ ብቻ አልነበረም። ፍርድ ቤቱም፣ ምክር ቤቱም፣ ሐሜቱም እዚያው ነበር። ፈላስፋው ሶቅራጥስ ሰው እያስቆመ በጥያቄ ሲያፋጥጥ የኖረውም እዚህ ነው። ሜዳው ላይ አሁን የቀረው መሠረት መሠረቱ ስለሆነ ብዙ አትድከሙ። ረጅሙን ባለ ዓምድ ሕንፃ ፈልጉ። የአታሎስ ስቶዋ ይባላል። የጴርጋሞን ንጉሥ ያሠራው ነበር፤ የምታዩት ግን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደገና የተገነባው ነው። ምድር ቤቱ ሙዚየም ነው። ትንሽ ናት፣ እኔ ግን ከተማው ውስጥ ካሉት ሁሉ እሷን አስበልጣለሁ።

እዚያ ውስጥ ገሎቹ ጋ ቁሙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት (ዓ.ዓ.) በ5ኛው ክፍለ ዘመን አቴንሶች በዓመት አንድ ጊዜ «ዘንድሮ የምናባርረው ሰው ይኑር ወይ?» ብለው ድምፅ ይሰጡ ነበር። ይኑር ከተባለ እያንዳንዱ ዜጋ በሸክላ ስብርባሪ ላይ የአንድ ሰው ስም ጭሮ ይጥላል። የጣዮቹ ቁጥር 6,000 ከሞላ ስሙ የበዛበት ሰው ለ10 ዓመት ከአገር ይወጣል። ክስ የለ፣ መከላከያ የለ፣ ንብረቱ ግን አይነካም። በ480 ዓ.ዓ. ሳላሚስ ላይ የፋርስን መርከቦች ድል ያደረገው ቴሚስቶክሊስ እንኳን ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በዚሁ ተባሯል።

የእሱን ገል ማንበብ ትችላላችሁ፤ እውነቴን ነው። የግዕዝ ቁጥሮቻችን የመጡት ከግሪክ ፊደላት ነው። ፩ አልፋ፣ ፪ ቤታ፣ ፫ ጋማ እያለ ይሄዳል፤ ፱ ደግሞ ቴታ ነው። የቴሚስቶክሊስ ስም የሚጀምረው በቴታ ነው። ውስጧ ነጥብ ወይም መስቀል ያለባት ክብ ፈልጉ፤ ስሙ ከዚያ ይነሳል። ቀጥሎ የአባቱ ስም አለ፣ ኒዮክሊስ። ልክ እንደኛ፣ ስም ከነአባት።

ተንኮሉም እዚያው ነው። ከአክሮፖሊስ በስተሰሜን ከአንድ ጉድጓድ የቴሚስቶክሊስ ስም የተጻፈባቸው 190 ያህል ገሎች ወጥተዋል። የእጅ ጽሑፉ ሲመረመር የ14 ሰው ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቡድን ቀድሞ ጽፎ ለመራጭ ሊያድል አዘጋጅቶት ነበር ማለት ነው። ዲሞክራሲ ጡት ሳይጥል የምርጫ ዘመቻ ተጀምሯል።

ከገሎቹ ራቅ ሳትሉ ብዙ ቀዳዳ ያለበት የእብነ በረድ ሰሌዳ አለ። ዳኞች ዕጣ የሚወጣላቸው በእሱ ነበር። ዜጋው ስሙ ያለበትን ትንሽ መታወቂያ ቀዳዳው ውስጥ ይሰካል፣ በጎን ነጭና ጥቁር ኳስ ይወርዳል፤ ነጭ የደረሰው ረድፍ ለዚያ ቀን ዳኛ ነው። ማን እንደሚፈርድ እስከዚያች ጠዋት ካልታወቀ ጉቦ ለማን ይሰጣል? በ399 ዓ.ዓ. ሶቅራጥስን ለሞት የዳረገውን ፍርድ የሰጡት 500 ያህል ሰዎችም በዕጣ የተመረጡ ነበሩ፤ ስለዚህ ዕጣ ጉቦን ይከላከላል እንጂ ስህተትን አይከላከልም። አጠገቡ የውሃ ሰዓቱ አለ፤ ሁለት የሸክላ ዕቃ። ከላይኛው ወደ ታችኛው ውሃው ፈስሶ እስኪያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ነው፣ ያ የተከራካሪው የንግግር ጊዜ ነው። ማስረጃ ሲነበብ ውሃውን ይደፍኑታል። ጠበቃ የሆነ አጎቴ ይህን አይቶ «ጋዜጠኛውንም ፓርላማውንም በዚህ ነበር ማናገር» አለኝ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ የሸክላ ፖፖውን አሳዩአቸው። ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሕፃን ፖፖ ነው፤ ከሐውልቱ ሁሉ እሱን ነው የሚያስታውሱት።

ስትወጡ ጉብታው ላይ ያለውን የሄፌስቶስ ቤተ መቅደስ ዙሩት። አክሮፖሊስ ላይ ያለው ትልቁ ቤተ መቅደስ ፓርቴኖን ሳይፈርስ ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት ከዚህ የተሻለ የለም።

ከዚያ በቲሲዮ ሰፈር በኩል ወደ ፕኒክስ ኮረብታ ሂዱ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ሕግ የሚያወጣው እዚህ ነበር፤ ከአለቱ የተፈለፈለው የተናጋሪ መድረክ አሁንም አለ። ሰው ገበያውን ትቶ ስብሰባ መውጣት ሲያስጠላው የከተማው ዘቦች ቀይ ቀለም የተነከረ ገመድ ዘርግተው ከአጎራ ይነዱት ነበር። ቀለሙ ልብሱን እንዳይነካው ሁሉም ይሮጣል። ሴት፣ ባሪያና ከሌላ አገር የመጣ ሰው ግን አይገባም። እኔማ ሴትም መጤም ነኝ፤ በሁለቱም በኩል እባረር ነበር።

ቀትር ሲሆን ዲዮኒሲዩ አሬዮፓጊቱ በሚባለው የእግረኛ መንገድ አድርጋችሁ ወደ አክሮፖሊስ ሙዚየም ግቡ። ኤሲ አለው፣ ይህ ብቻውን ምክንያት ይሆናል። ከላይኛው ፎቅ ፓርቴኖንን ይዞር የነበረው 160 ሜትር የቅርጽ ረድፍ ተደርድሯል፤ ፈረሰኞች፣ ለመሥዋዕት የሚነዱ በሬዎች፣ እንስራ የተሸከሙ ሰዎች። ወዛቸው ማር የመሰለው ዋናዎቹ ናቸው። ነጭ ነጩ ቅጂ ነው፤ አብዛኛው የቅጂው ዋና ለንደን ነው ያለው፤ የእንግሊዙ ዲፕሎማት የሎርድ ኤልጊን ሰዎች ነቅለው የወሰዱት።

አመሻሽ ላይ አሁን ወደ አክሮፖሊስ ውጡ። ፓርቴኖን በ447 ዓ.ዓ. ተጀምሮ በ15 ዓመት አለቀ። ያሠራው የአቴንስ መሪ ፔሪክሊስ፣ የቅርጹ አለቃ ፊድያስ ነበሩ። በ454 ዓ.ዓ. የአጋር ከተሞች የመከላከያ መዋጮ ከዴሎስ ደሴት ወደ አቴንስ ተዛውሮ ነበር፤ ለግንባታውም ከዚያ ገንዘብ ወጥቷል። ለራሷ ዲሞክራሲ፣ ለጎረቤት ግብር። ሕንፃውን ፊት ለፊት ብቻ አትዩት። ጥጉ ጋ ሄዳችሁ ጎንበስ በሉና በደረጃው ጠርዝ አሻግሩ፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ዓምዶቹም ትንሽ ወደ ውስጥ አዘንብለዋል፣ የማዕዘኖቹ ወፈር ይላሉ። መሐሉን ያፈረሰው ደግሞ ዕድሜ አይደለም። በ1687 (እ.ኤ.አ.) ኦቶማኖች ባሩድ አስቀምጠውበት ሳለ የቬኒስ ጦር በመድፍ መታው።

ከበሩ ስትወጡ ከታች ያለው ራቁት አለት አርዮስፋጎስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ «ለማይታወቅ አምላክ» የሚለውን መሠዊያ ጠቅሶ ለአቴና ሰዎች የተናገረበት ታሪክ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ አለ፤ ቀትር ላይ የሄዳችሁበት መንገድ የተሰየመውም ያን ጊዜ ባመነው በዲዮናስዮስ ነው። በብረቱ ደረጃ ውጡ፣ በድንጋዩ እንዳትሞክሩት ያንሸራትታል። ስትጨርሱ በፕላካ ሰፈር ቁልቁል ሞናስቲራኪ ትደርሳላችሁ፤ ሱቭላኪውን፣ የግሪኮቹን የሥጋ ጥብስ፣ እዚያ ብሉ። ጾም ከሆነ «ኒስቲሲሞ»፣ የጾም ምግብ፣ በሉ፣ ይገባቸዋል።