መስታወት የሚሠራው የሂርማታ ማር

ጅማ ውስጥ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ሳስገባ ተማሪው የሚነቃው የቶለንስ ሙከራ ላይ ነው፤ አልዲሃይድ የሚባለውን የኦርጋኒክ ውህድ ዓይነት በብር መስታወት የሚለይ ሙከራ ነው። ለናሙና ከሂርማታ ገበያ የገዛሁትን ማር በውሃ አቀጥናለሁ።

ጓንትና መነጽር አድርጉ። ሲልቨር ናይትሬት ጣት ላይ የሚተወው ጥቁር ነጥብ ቶሎ አይለቅም። ከሲልቨር ናይትሬቱ ሙሙት 2 ሚሊ ሊትር ቱቦ ውስጥ ጨምሩ። አንድ ጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲገባ ቡናማ ዝቃጭ ይወጣል። ዝቃጩ እስኪጠፋ ብቻ ቀጭን አሞንያ ጠብ ጠብ አድርጉ። ካበዛችሁት ሙከራው ይደክማል። ከዚያ ማሩን ጨምራችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ እሳት ላይ እንዳታደርጉት። ቱቦው ውስጡን ብር ከለበሰ አልዲሃይድ ነው እንላለን። ግን ማር ውስጥ የሞላው ፍሩክቶስ የሚባለው ስኳር ኪቶን (አልዲሃይድ ያልሆነ ሌላ ዓይነት ውህድ) ሆኖ ሳለ እሱም መስታወት ይሠራል፤ አጭበርባሪ ነገር ነው።

ቱቦው ቅባት ካለው የምታገኙት ጥቁር ጭቃ ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን ያገኘሁት እሱን ነው። ቀሪውን ለነገ አታስቀምጡ፤ ከቆየ ሊፈነዳ ይችላል። እዚያው በቀጭን ናይትሪክ አሲድ ግደሉት።

ፌኖል የሚባለውን ሌላ የውህድ ዓይነት ለመለየት ጥሬ ቡና ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ ሲልበት ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይለወጣል። የተቆላው አይሆንም፣ የራሱ ቀለም ይሸፍነዋል። ካርቦክሲሊክ አሲድን (ሎሚ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ) መለየትማ ቀላል ነው፦ ሎሚ ላይ ቤኪንግ ሶዳ፣ ወዲያው አረፋ።