የአናጺ ጠረጴዛ ፊቱ ምን ይቀባ?

የመጀመሪያውን የሥራ ጠረጴዛዬን ከዋንዛ ሠርቼ እንደጨረስኩ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀባሁት። እንደ መስታወት አበራ። በሳምንቱ እንጨት አስቀምጬ መላጊያ ስገፋ እንጨቱ ይንሸራተትብኝ ጀመር። መዶሻ ባረፈበት ሁሉ ቫርኒሹ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ ውሃ ገባና ዙሪያው እየተላጠ ሄደ። ቫርኒሽን ቁራጭ ቦታ ላይ ብቻ ቢጠግኑት ምልክቱ ይቀራል። ሁሉንም ፍቄ እንደገና ጀመርኩ።

ለሳሎን ጠረጴዛ ቫርኒሽ ይሁን። መሮና መዶሻ ለሚያርፍበት ግን የተልባ ዘይት እመርጣለሁ። እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ ላዩ ላይ ልጣጭ አይሠራም። ሲቧጨር ደርቦ መቀባት ይበቃል። የፈሰሰ ኮላም ከደረቀ በኋላ በቀላሉ ተፍቆ ይነሳል።

ስትገዙ ማድረቂያ የተጨመረበትን፣ ለእንጨት የሚሆነውን ጠይቁ። ለምግብ የሚጨመቀው ጥሬ የተልባ ዘይትም ይደርቃል፤ ግን ሳምንታት ይፈጃል። የኑግ ዘይት ከዚያም ይዘገያል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ። እባካችሁ ይቅርባችሁ፤ መቼም አይደርቅም፣ ላዩ ላይ የምትሠሩትን እንጨት ሁሉ ያቆሽሻል።

ፊቱን በመላጊያ አስተካክሉ፤ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፤ አቧራውን ጥረጉ። ከዚያ በላይ አታለስልሱት። ትንሽ ሻከር ሲል ነው እንጨት የሚይዝላችሁ። ሰም የማልቀባውም ለዚሁ ነው፤ ያንሸራትታል።

ዘይቱን በጨርቅ በደንብ አጠጡት። ቶሎ የመጠጠበት ቦታ ላይ ጨምሩ። በተለይ የጣውላው ጫፍ ብዙ ይጠጣል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ መጥረግ። እንጨቱ ያልጠጣው ዘይት አንድም ጠብታ ላዩ ላይ መቅረት የለበትም። እኔ «ወፈር ካለ የበለጠ ይከላከላል» ብዬ ሳልጠርግ አሳደርኩት። ጠዋት እንደ ማር ይጣበቅ ነበር። ሳምንት ጠበቅኩ፣ ለውጥ የለም። መጋዝ ዱቄቱ ሁሉ ተለጠፈበት። በመጨረሻ በተርፔንታይን (በቀለም ማቅጠኛ) እያራስኩ ፍቄ አነሳሁት።

ስለዚህ በደረቅ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁ ሲርስ ቀይሩ። መዳፋችሁን ስታሳርፉበት እጃችሁ ዘይት ካልያዘ በቅቶታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት፤ ከእንጨቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የዘይት ነጠብጣብ እየወጣ ሊሆን ይችላል። እሱንም ጥረጉ።

ጨርቁን ግን ጨምድዳችሁ ጥግ እንዳትጥሉ! የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ጋር ሲዋሃድ ነው፤ ያኔ ሙቀት ያወጣል። የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው እሳት ሊነሳ ይችላል። እኔ ጠቅልዬ የረሳሁትን ጨርቅ ሳነሳ እጄን ፈጅቶኛል። ቤቴ የተረፈው በሰዓቱ በመድረሴ ነው። ጨርቁን ውጭ፣ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁ። ወይም ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ነክራችሁ ክደኑት።

በማግስቱ ሁለተኛ እጅ፣ ሲደርቅ ሦስተኛ እጅ ቀቡ። ከሥር በኩልም ቀቡት፤ አንድ ፊት ብቻ ከተቀባ ጣውላው እርጥበት እኩል ስለማይስብ ሊጎብጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ የነጣና የደረቀ ቦታ ባያችሁ ቁጥር ትንሽ ዘይት አስነክታችሁ ጥረጉት።